ኬክ እንዳይደርቅ የሚጨመረው ግሊሰሪን፦ ጥቅሙ የት ድረስ ነው፣ ስጋቱስ ከየት ይመጣል?

ቦርከና ዳር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ኮምቦልቻ ውስጥ በቤቴ ኬክና ኩኪስ እየጋገርሁ ለሰርግ፣ ለልደትና ለጥቂት የደሴ ሱቆች አስረክባለሁ። በበጋው ወራት ስፖንጁ በማግስቱ ጠርዙ ይደርቃል፤ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ሲደርስ ደግሞ ባለሱቆቹ «ይህ የሰነበተ ነው» እያሉ ዋጋ ይቆርጡብኛል። የኬክ ዕቃ የሚሸጥልኝ ነጋዴ «ጥቂት ግሊሰሪን ጠብ አድርጊበት፣ ሳምንት ሙሉ ለስላሳ ሆኖ ይቆይልሻል» ይለኛል። ያሳየኝ ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ለፀጉርና ለቆዳ ከሚሸጡት ቅባቶች ጎን የተደረደረ ትንሽ ጠርሙስ ሲሆን፣ ሌላው ከጀሪካን ወደ ሃይላንድ የተገለበጠ፣ አንዳች ጽሑፍ የሌለበት ነው።

ነገሩ በእርግጥ ምን እንደሆነ፣ ሕፃናት ቢበሉት የሚያስከትለው ጉዳት እንዳለና፣ ደንበኞቼ ጿሚዎችም ሙስሊሞችም ስለሆኑ ከምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።

የጦሳ ልጅ

እኅቴ፣ የተማርሁት የምግብ ሳይንስ ስለሆነና የዕለት ሥራዬም የዱቄት ውጤቶችን ጥራት መቆጣጠር ስለሆነ ከመጀመሪያው ጥያቄዎ ልነሣ። ግሊሰሪን ቀለምና ሽታ የሌለው፣ ወፈር ያለ ፈሳሽ ሲሆን ጣፋጭነቱ ከስኳር ጣፋጭነት 60 በመቶ ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1779 ካርል ሼለ የተባለው የስዊድን ኬሚስት የወይራ ዘይትን ከእርሳስ ኦክሳይድ ጋር ሲያሞቅ ያገኘው ሲሆን፣ ዛሬ በብዛት የሚመረተው ከሳሙናና ከባዮዲዝል (ከዘይትና ከስብ ከሚሠራ ነዳጅ) ሥራ ጋር ተያይዞ ነው። የምግብ ጭማሪዎች በሚታወቁበት ዓለም አቀፍ ቁጥር 422 ተብሎ ይጠራል፤ ከአውሮፓ በመጡ ዕቃዎች ላይ ደግሞ «ኢ 422» የሚል ያገኛሉ።

ሥራው ውሃ መጨመር ሳይሆን ያለውን ውሃ መያዝ ነው። ሞለኪዩሉ ውሃን የሚስቡ ሦስት የሃይድሮክሲል ቡድኖች ስላሉት፣ በሊጡ ውስጥ ያለው ውሃ ቶሎ ተንኖ እንዳይወጣ ያዘገየዋል። ከዚህም ሌላ ለሻጋታና ለባክቴሪያ የሚተርፈውን ነጻ ውሃ ይቀንሳል። ባለሙያዎች ይህን ነጻ ውሃ ከ0 እስከ 1 ባለው ልኬት ይገልጹታል፤ ንጹሕ ውሃ 1 ነው። አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች ከ0.91 በታች፣ አብዛኞቹ ሻጋታዎች ደግሞ ከ0.80 በታች መራባት ያቅታቸዋል፤ ከ0.60 በታች ከሆነ የሚራባ ነገር የለም። ማር ለዓመታት ሳይበላሽ የሚቀመጠው በዋናነት ነጻ ውሃው ወደዚህ መጨረሻ ወሰን የተጠጋ በመሆኑ ነው።

ነጋዴው «ሳምንት ሙሉ» ያለው ግን ሳይጣራ ሊታለፍ አይገባም። ኬክ ውስጥ በሚገባው አነስተኛ መጠን ግሊሰሪን ነጻውን ውሃ ትንሽ ዝቅ ያደርገዋል እንጂ ሻጋታን አያስቆምም። ለስላሳነቱ ቢቆይም፣ ለስላሳ የሆነ ሁሉ ያልተበላሸ ነው ማለት አይደለም። እንዲያውም እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ገዢው በጣቱ ተጭኖ «ትኩስ ነው» የሚልበትን ምልክት ጭማሪው ያጠፋበታል።

ሌላም ነገር አለ። ዳቦና ኬክ የሚጠነክሩት በመድረቅ ብቻ አይደለም። በላስቲክ ታሽጎ አንዲት ጠብታ ውሃ ያላጣ ዳቦም ይጠነክራል፤ ምክንያቱም በመጋገር ጊዜ ውሃ ጠጥቶ የለሰለሰው ስታርች (የዱቄቱ ዋና ክፍል) ከቀዘቀዘ በኋላ ቀስ በቀስ ተመልሶ እየተደራጀ ይጠጥራል። ይህ ለውጥ ከሁሉ የሚፈጥነው በፍሪጅ ቅዝቃዜ ነው። ስለዚህ ክሬም ያልተቀባ ስፖንጅ «እንዳይደርቅ» ብሎ ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት ተቃራኒውን ውጤት ያመጣል። የእርስዎም ኬክ በኮምቦልቻ ሙቀት የሚጎዳው በመድረቅና በሻጋታ ሲሆን፣ ደሴ ከወጣ በኋላ የሚጎዳው ደግሞ በብርዱ በመጠንከር ነው። ግሊሰሪን የሚረዳው በዋናነት ለመድረቁ ነው።

የፒያሳው ነጋዴ

ልጄ፣ እኔ ደሴ ላይ ሱቅ ከፍቼ ስሠራ የኖርሁ ሰው ነኝ። እናቶቻችን ድፎ ዳቦ በኮባ ጠቅልለው ሲጋግሩ ዳቦው እስከ ሦስተኛው ቀን የሚበላ ነበር፤ ጠርሙስ የሚባል ነገር አያውቁም። አሁን ግን ሁሉም ነገር ኬሚካል ሆኗል። ማር እያለ፣ ቴምር እያለ፣ የሳሙና ተረፍ ለምን ለልጆቻችን እናበላለን?

የጦሳ ልጅ

አባታችን፣ ስለ ኮባው እውነትዎን ነው። ቅጠሉ እንፋሎቱን ይዞ ስለሚያስቀር ቅርፊቱ ሳይደርቅ ይበስላል። ስለ ማሩም አልከራከርም፤ በስኳሩ ፋንታ ጥቂቱን በማር የተካ ጋጋሪ ርጥበት የሚይዝ ነገር ጨመረ ማለት ነው፤ በማር ውስጥ ያለው ፍሩክቶስ የሚባለው ስኳር ውሃ ይስባልና። ማር የገባበት ኬክ ግን ፈጥኖ ስለሚጠቁር የምድጃውን ሙቀት ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ዋጋውም ለሰርግ ኬክ የሚያዋጣ አይመስለኝም።

«ኬሚካል» የሚለው ስጋት ግን በዚህ በኩል አይጸናም። በወጣችን ውስጥ ያለው ዘይት፣ በቅቤው ውስጥ ያለው ስብ ሁሉ የተሠራው ከግሊሰሪንና ከሰባ አሲዶች ተጣምሮ ነው፤ ሰውነታችን ስብ ባቃጠለ ቁጥር ግሊሰሪን ይለቀቃል፣ ጉበትም ወደ ስኳር ይለውጠዋል። እርሾም ሊጡን ሲያቦካ ጥቂት ግሊሰሪን ያመርታል፤ የእናቶቻችን ድፎ ዳቦም ከዚህ አላመለጠም። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2017 ጭማሪውን እንደገና ሲገመግም በቀን ከዚህ አይብለጥ የሚል የቁጥር ገደብ አላስፈለገውም፤ በማምረቻው ሂደት ሊገቡ በሚችሉ ቆሻሻዎች ላይ ግን ቁጥጥሩ እንዲጠብቅ አሳስቧል። ስለዚህ ጥያቄው «ግሊሰሪን ወይስ ማር?» ከሚለው ይልቅ «የትኛው ግሊሰሪን?» የሚለው ነው።

ቀማሚው

በዚህች በመጨረሻዋ ጥያቄ ላይ እኔ ልቀጥል። ደሴ ውስጥ በመድኃኒት ቤት የምሠራ ባለሙያ ነኝ። ጠያቂያችን ካየቻቸው ከሁለቱ ጠርሙሶች አንዱንም ለምግብ እንዳትጠቀም በግልጽ እመክራለሁ።

ከፀጉር ቅባት ጎን የተደረደረው ለቆዳ የተዘጋጀ ነው። ብዙ ጊዜ ሽቶ፣ ቀለም ወይም ሌላ ማቆያ ይጨመርበታል፤ ለመበላት ስላልታሰበም አምራቹ ለምግብ የሚጠየቀውን ምርመራ የማድረግ ግዴታ የለበትም። በሃይላንድ የተገለበጠው ግን ከዚያም ይከፋል፤ ማን እንደሠራው፣ መቼ እንደተሠራ፣ ጀሪካኑ ቀድሞ ምን እንደያዘ የሚናገር ነገር የለውምና።

ይህን ያህል የማጠብቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ዳይኤቲሊን ግላይኮል የሚባል ፈሳሽ አለ። እንደ ግሊሰሪን ጥርት ያለ፣ ወፈር ያለና ጣፋጭ ነው፤ ዋጋው ግን ይረክሳል፣ ኩላሊትንም ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ1937 አሜሪካ ውስጥ አንድ ሽሮፕ በዚህ ፈሳሽ ተበጥብጦ ተሽጦ ከ100 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ በማግስቱ ዓመት የወጣው የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት ሕግ ከዚህ ጥፋት የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ በጋምቢያ ከ60 በላይ ሕፃናት ሞተው፣ የተጠረጠሩት የሳል ሽሮፖች ሲመረመሩ ዳይኤቲሊን ግላይኮልና ኤቲሊን ግላይኮል እንደተገኘባቸው የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። በመድኃኒት ደረጃ መጻሕፍት ውስጥ ለግሊሰሪን የተቀመጠው ወሰን ከእነዚህ ከእያንዳንዳቸው ከ0.10 በመቶ እንዳይበልጥ ነው፤ ይህንንም በዓይን፣ በአፍንጫ ወይም በምላስ መለየት ከቶ አይቻልም። የሚለየው ላቦራቶሪ ብቻ ነው፤ እርስዎ ጋ ያለው ማስረጃ ደግሞ የአምራቹ ጽሑፍ ብቻ ነው።

ኮምቦልቻ የከባድ መኪና መናኸሪያ እንደመሆኗ አንዲት ነገር ልጨምር። በየጋራዡ ራዲያተር ውስጥ የሚጨመረው አንቲፍሪዝ በብዛት ኤቲሊን ግላይኮል ነው። የዚያ ባዶ ጀሪካን ታጥቦ ለሌላ ፈሳሽ መያዣ ሲሆን አይቻለሁ።

ኡሙ ሐናን

አላህ ይስጥልን፣ ልብ የሚያሳርፍ ማብራሪያ ነው። የእኔ ጥያቄ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከአሳማ ስብ ይሠራል ሲባል ሰምቻለሁና እውነት ነው ወይ? ሁለተኛ፣ የአራት ዓመት ልጄ በልደት ላይ ኬክ ካገኘች የማታባራ ናት፤ የሕፃን አካል ይህን ነገር እንዴት ይሸከመዋል?

ሐረጎ

የመጀመሪያውን እኔ ልመልስ፤ የምግብ ጥሬ ዕቃ በሚያስመጣ ድርጅት ውስጥ ሰነድ የምመረምር ሰው ነኝ። ግሊሰሪን ከዘንባባ፣ ከኮኮናትና ከአኩሪ አተር ዘይት ይወጣል፤ ከከብት ሞራም ይወጣል፤ ከአሳማ ስብም ሊወጣ ይችላል፤ ከነዳጅ ውጤት በፋብሪካ የሚሠራም አለ። ችግሩ ከየትኛውም ቢወጣ መጨረሻ ላይ የሚገኘው ሞለኪዩል አንድ መሆኑ ነው፤ ጠርሙሱን አይቶ ምንጩን የሚያውቅ ሰው የለም። ስለዚህ ሐላል የሚለው ማረጋገጫ ወይም «ከዕፅዋት የተገኘ» የሚለው ጽሑፍ በዋናው መያዣ ላይ ከሌለ፣ ነጋዴው በአፉ የሚሰጠው ቃል ማስረጃ አይሆንም። ከስብ ተለውጦ ሌላ ነገር የሆነ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም በሚለው ዑለሞች ራሳቸው የተለያየ አስተያየት ስላላቸው ያንን ለእነርሱ እተወዋለሁ።

ለጿሚዎችም ነገሩ ያው ነው። እንቁላልና ወተት ሳይገባበት በዘይት የተጋገረ የጾም ኬክ፣ ከሞራ የወጣ ግሊሰሪን ከገባበት ጾሙን ጠብቄአለሁ ብሎ የበላውን ሰው ማሳዘኑ አይቀርም። ከዕፅዋት የተገኘውን መርጦ መግዛት ሁለቱንም ወገን ስለሚያሳርፍ ለአንድ ጋጋሪ ከሁሉ የሚቀልለው እርሱ ነው።

ቀማሚው

ኡሙ ሐናን፣ ስለ ልጅዎ አብሽሪ፣ በቁጥር እናየዋለን። የአውሮፓው ባለሥልጣን በአንድ ጊዜ ለሚወሰድ መጠን የጠቀሰው ወሰን በሰዓት ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 125 ሚሊ ግራም ነው። ይህ ወሰን ግሊሰሪን እንደ መድኃኒት ሲሰጥ በሰውነት ላይ መሥራት የሚጀምርበት፣ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽም ሊታይበት የሚችልበት መጠን ነው። ልጅዎ 15 ኪሎ ብትመዝን 1.9 ግራም ያህል ይሆናል። በ1 ኪሎ ዱቄት ተቦክቶ ተጋግሮ ሲወጣ 3 ኪሎ ከግማሽ ገደማ በሚመዝን ኬክ ውስጥ 38 ግራም ግሊሰሪን ቢገባ፣ 80 ግራም የምትመዝን አንዲት ቁራጭ የምትይዘው 0.9 ግራም እንኳ አይሞላም።

ሸዋ በር

ሦስት ቁራጭ ብትበላስ? ወሰኑን አለፈች ማለት ነው።

ቀማሚው

በሒሳቡ ያልፋል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ከዱቄት፣ ከስብና ከእንቁላል ጋር ተደባልቆ የሚገባ ግሊሰሪን በባዶ ሆድ እንደሚጠጣ ፈሳሽ በአንድ ጊዜ ወደ ደም አይገባም። በሦስት ቁራጭ ኬክ ውስጥ ያለው ስኳር ደግሞ ለአራት ዓመት ልጅ ከግሊሰሪኑ ይልቅ የሚያሳስብ ነው። መጠኑን በዓይን ግምት የሚያንቆረቁር ጋጋሪ ግን ይህን ስሌት ያፈርሰዋል፤ ለዚህ ነው በሚዛን ወይም በማንኪያ ይለካ የምለው።

እውነተኛው አደጋ የታየው በመጠጥ ነው። ስኳር የሌለው የበረዶ ጭማቂ ማሽኑ ውስጥ ጭልጥ ብሎ ድንጋይ እንዳይሆን ግሊሰሪን ይጨመርበታል። በብሪታንያ ሕፃናት ይህን ጠጥተው ደማቸው ውስጥ ያለው ስኳር ወርዶ፣ ፈዝዘውና ራሳቸውን ስተው ሆስፒታል የገቡበት ሁኔታ ስለታየ፣ የአገሪቱ የምግብ ደረጃዎች መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 አራት ዓመትና ከዚያ በታች ለሆኑ እንዳይሸጥ መክሮ ነበር፤ በ2025 ደግሞ ምክሩን አጥብቆ ከሰባት ዓመት በታች ያሉ ጨርሶ እንዳይጠጡት፣ ከ7 እስከ 10 ዓመት ያሉትም ከአንድ 350 ሚሊ ሊትር ኩባያ እንዳያልፉ አለ። 5 በመቶ ግሊሰሪን ያለበት እንዲህ ያለ ኩባያ ከ17 ግራም በላይ ይይዛል። ከኬኩ ቁራጭ ጋር አስተያዩት።

መናፈሻ ጁስ

እኔ ኮምቦልቻ ላይ የበረዶ ጭማቂ ማሽን አለኝ፤ የምጠቀመው በስኳር ነው። ለኔም ሥጋት አለው?

ቀማሚው

በበቂ ስኳር የሚሠራ ከሆነ በረዶው እንዳይጠጥር የሚያደርገው ስኳሩ ራሱ ስለሆነ ግሊሰሪን አያስፈልገውም። የተዘጋጀ ሽሮፕ ገዝተው የሚበጠብጡ ከሆነ ግን በጀርባው ላይ 422 የሚለውን ቁጥር ይፈልጉ።

የፒያሳው ነጋዴ

ስኳር በሽታ ስላለብኝ ልጠይቅ። «ስኳር የለውም» የሚለው ብስኩት ሱቄ ውስጥ አለ፤ እሱም በዚህ ነው የሚለሰልሰው?

የጦሳ ልጅ

አባታችን፣ በብዛት ሶርቢቶል ወይም ማልቲቶል የሚባሉት የግሊሰሪን ዘመዶች ናቸው። የሶርቢቶል ቁጥሩ 420 ነው፤ ርጥበትም ይይዛል፣ ያጣፍጣልም። ደም ውስጥ ያለውን ስኳር እንደ ተራ ስኳር አያንረውም፤ ሆኖም ከካሎሪ ነጻ አይደለም። ግሊሰሪንም በግራም 4.3 ካሎሪ ገደማ ስላለው ከስኳር አያንስም። ሶርቢቶል ከበዛ ሆድ ይነፋል፣ ያስቀምጣልም፤ በአውሮፓ ከ10 በመቶ በላይ እነዚህን ማጣፈጫዎች የያዘ ምግብ ሲበዛ እንደሚያስቀምጥ እሽጉ ላይ መጻፍ ግዴታ ነው። ብስኩቱን ሲበሉ መጠኑን ከሐኪምዎ ጋር ይመካከሩበት።

ሸዋ በር

ደሴ ውስጥ ኬክ ቤት ስላለኝ የእጁን ሥራ ልናገር። ጠያቂያችን፣ በ1 ኪሎ ዱቄት ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይበቃዎታል፤ ይህም ቀማሚው ያሰላው 38 ግራም ገደማ ነው። እንቁላሉ ከተመታ በኋላ አይጨምሩት፤ ከዘይቱ ወይም ከወተቱ ጋር ደባልቀው ያስገቡት፣ አለዚያ ከሥር ይቀመጣል። ከዚህ ካስበለጡት ኬኩ መሐሉ ይሰምጣል፣ ፊቱም ያልበዋል፣ ቢላዋው ላይ ተጣብቆ ይወጣል። ፎንዳንት (ኬክ የሚሸፈንበት የስኳር ሊጥ) የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ ሳይሰነጣጠቅ እንዲለጠጥ ስለሚረዳ እዚያ ብዙ ጊዜ ይገባል።

ከግሊሰሪኑ በፊት ግን ሌላውን ሥራ ይፈትሹ። ብዙ ጊዜ ኬክ የሚደርቀው ስለሚበዛበት እሳት ነው። ከምድጃ የወጣውን ሙሉ በሙሉ ሳይበርድ በላስቲክ ከጠቀለሉት እንፋሎቱ በውስጥ በኩል እንደ ጤዛ ይንጠለጠላል፤ ጠብታው የወደቀበት ቦታ ላይ፣ በተለይ ወረቀቱ ከኬኩ ሥር በሚነካበት፣ አረንጓዴ ነጥብ ቀድሞ የሚወጣው ለዚህ ነው። አድርቆ ሳይሆን አብርዶ መጠቅለል፣ ሐረጎን የሚወጣውንም ካርቶን ከፀሐይ ማስጠለል ይገባል። ለባለሱቆቹም የተጋገረበትን ቀን ጽፈው ይስጡ፤ የተለሰለሰ ኬክ ቀኑ ካልታወቀ ጭቅጭቁ በሌላ መልክ ይመለሳልና።

ቦርከና ዳር

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ከዋናው መያዣ ላይ ማየት ያለብኝ ምን ምን እንደሆነ፣ ከገዛሁ በኋላም እንዴት እንደማስቀምጠው ብትነግሩኝ ለኔ በቂዬ ነው።

ሐረጎ

የአምራቹ ስምና አገር፣ የምርት ተከታታይ ቁጥሩ፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን፣ ለምግብ አገልግሎት መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ፣ 422 የሚለው ቁጥር፣ እንዲሁም ምንጩ። እነዚህ በፋብሪካ በታሸገ መያዣ ላይ ታትመው መገኘት አለባቸው፤ በእስክሪብቶ የተጻፈ ወይም ከላዩ የተለጠፈ ወረቀት አይቀበሉ። ምግብንና የምግብ ጭማሪን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ስለሆነ፣ አስመጪው ከባለሥልጣኑ የተሰጠውን ፈቃድ እንዲያሳይዎት መጠየቅ መብትዎ ነው። ትልቁን መያዣ ብቻዎን መግዛት ከከበደዎት ከሌሎች ጋጋሪዎች ጋር ተካፍለው ይግዙት እንጂ የተገለበጠውን አይግዙ፤ ስትካፈሉም መለያው ሁላችሁም ፊት ተነቦ ፎቶ ይነሣ።

ሸዋ በር

አቀማመጡ ቀላል ነው። ክዳኑን አጥብቀው ከምድጃው ራቅ አድርገው ያኑሩት። ክፍት ከቆየ ከአየሩ ውሃ እየሳበ ይቀጥናል፤ ያን ጊዜ ሁለት ማንኪያ ያሉት ሁለት ማንኪያ አይሆንልዎትም።